ከሱቄ የገዛችሁት መስቀል ገና አልተባረከም፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ ንዋያተ ቅድሳት እሸጣለሁ። የአንገት መስቀል፣ ጧፍ፣ እጣን፣ ውዳሴ ማርያም፣ የማተብ ክር፣ ሥዕለ አድኅኖ፣ ነጠላ። ከዚያ በፊት አኩፋዳ አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ቁራሽ የለመንኩ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ዲቁና ተቀብያለሁ፤ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ ወጥቻለሁ። ቄስ አይደለሁም፣ ማናዘዝም አልችልም። ሰው ግን ዕቃ ሊገዛ ገብቶ ጥያቄ ይዞ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ወረፋ በር ላይ ይደርሳል። ስለዚህ «የሚያሳስባችሁን ላኩልኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ» አልኩ። የመጣው ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ የማንንም ስም አላወጣሁም።

«የአንገት መስቀል ካንተ ዘንድ ገዛሁ። እንዲሁ ላድርገው ወይስ መባረክ አለበት?»

ከእኔ የገዛሽው ብረት ነው እህቴ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ካርቶን ውስጥ ተደርድሮ ነው የሚመጣልኝ። ቅርጹ መስቀል ነውና በክብር እይዘዋለሁ፣ መሬት ላይ አልዘረጋውም፤ የተባረከ ነው ብዬ ግን አልሸጥልሽም። ወደ ደብርሽ ይዘሽው ሂጂና ከቅዳሴ በኋላ «አባ፣ ይባርኩልኝ» በይ። ጸሎት አድርሰው፣ በእጅ መስቀላቸው ባርከው ይመልሱልሻል። ደቂቃ አይፈጅም፤ ክፍያም የለውም።

«ይሄኛው ተባርኮ የመጣ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ዕቃውን አስቀምጣችሁ ውጡ። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሲሞን መሠርይ ብር አሳይቶ ጸጋ ሊገዛ ሲል ጴጥሮስ ምን ብሎ እንደመለሰለት አንብቡ። የእኛን ንግድ የሚመለከት ምዕራፍ ነው፤ እኔም በየጊዜው አነበዋለሁ።

«ጣና በገዳማት የተከበበ ስለሆነ ውሃው በሙሉ ጠበል ነው ይባላል። ልጆቼን እዚያው ዳር ላይ ባጠምቃቸውስ?»

ይህን ሦስት ሰው ጠይቆኛል። «ጣና ጠበል ነው» የሚለው ሰው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። ዘፍጥረት 2፥13 ከኤደን ከሚወጡት ወንዞች ሁለተኛውን ግዮን ይለዋል፤ የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከባል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግዮን ዓባይ ነው። መነሻው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ሲሆን እዚያ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ቤተ ክርስቲያን አለ። ምንጩ ጠበል ነው፤ ሰው እህል ውሃ ሳይቀምስ ነው ወደዚያ የሚጠጋው። ያ ውሃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ እዚህ ከተማችን ላይ ደግሞ ዓባይ ተብሎ ይወጣል።

ጠበል የምንለው ግን በጻድቅ ወይም በታቦት ስም የሚታወቅ ምንጭን ነው፤ ወይም ካህን ጸሎት ያደረሰበትን ውሃ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ገዳማውያኑ ይቀዱበታል፤ የከተማው ሰውም ልብስ ያጥብበታል፣ ባጃጅ ያጥብበታል። ደግሞ በዳርቻው ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ሣር በበዛበት፣ ጥልቀት በሌለው ዳር በምትኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ልጆቹን «ጠበል ነው» ብለሽ እዚያ አትንከሪያቸው። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ሞልተሽ ካህን ቢጸልይበት እሱ ጠበል ነው። ሰው ግን ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። ሩቅ የተሄደለት፣ አቀበት የተወጣለት ውሃ ይበልጥበታል። እግር ጉዞው የራሱ በረከት አለው፤ ውሃውን ጠበል ያደረገው ግን ጸሎቱ ነው።

«እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ሱባኤ ልትገባ ነው። ጠበል ቦታ ያገኘቻቸው ሰው "መርፌውን ካላቆምሽ አይሠራልሽም" አሏት።»

አታቁም። ሌላውን ከማንበብህ በፊት ደውልና ንገራት።

እንዲህ የሚሉት ብዙ ጊዜ የደብሩ አገልጋዮች አይደሉም። ጠበል ቦታ ሠንሰለት ታጥቆ፣ ፀጉሩን አንጨባሮ የሚዞር ሁሉ ባሕታዊ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን አቋም ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳይ ሲያነጋግር ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ ተናግረዋል። ከዚያ በፊትም መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር አወጣ፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

የእናትህ ነገር ግን ከዚህም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠበል በባዶ ሆድ ነው። የስኳር መርፌ ወግቶ እህል ሳይቀምሱ መቆየት ደግሞ ስኳሩን ጥሎ ራስ ያስታል፤ በቀዝቃዛ ጠበል ሥር ቆሞ ራስን መሳት ምን እንደሚያመጣ አስበው። ስለዚህ አስቀድማ ሐኪሟን ስለ ሰዓቱና ስለ መጠኑ ትጠይቅ፤ ንስሐ አባቷንም ታማክር። ለሕመምተኛ ጾም ይቀልለታል፣ ሥርዓቱ ይህን ያውቃል። ማልዳ ተጠምቃ ወዲያው እንድትቀምስ ቢያደርጉላት አንድም ነገር አይጎድልባትም።

የማውቀው ደንበኛ ነበረኝ፣ በየወሩ ጧፍ የሚገዛኝ። አንድ ጠበል ቦታ ከርሞ ሲመጣ «ኪኒኑን ጣልኩት፣ ድኛለሁ» አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። እኔም አፌን ይዤ ዝም አልኩ፤ እምነቱን የምነካበት መሰለኝ። ዓመት ሳይሞላው ቀብሩ ላይ ቆምኩ። ለዚህ ነው ዛሬ «አታቁም» ስል ድምፄን ከፍ የማደርገው።

ሌላም አለ። ጠበል ቦታ ሕዝብ ይበዛል። ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ በተሰበሰበው ሰው መካከል ኮሌራ ገብቶ እንደነበር ሰምታችሁ ይሆናል። የራሳችሁን ኩባያ ይዛችሁ ሂዱ፣ በአንድ ጣሳ አትቀባበሉ፣ ከመጸዳጃ መልስ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና መያዝ እምነት ማጉደል አይደለም።

«በሃይላንድ ያመጣሁት ጠበል ሸተተ። ምን ላድርገው?»

በጀሪካንም በሃይላንድም ለወራት ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ማንኛውም ውሃ ይሸታል። አትጠጣው። የመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ውስጥ ሳይሆን እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ዛፍ ሥር አፍስሰው። ሌላ ታመጣለህ። እምነቱንም (ጠበል ቦታ የሚሰጠውን አፈር ማለቴ ነው፣ እምነት ይዤ እምነት አጣሁ እንዳትሉኝ) እርጥበት ከነካው እንዲሁ አድርግ።

«ሕፃኗ 80 ቀኗ ደርሶ ክርስትና ልትነሣ ነው። ማተቡ ተኝታ ሳለ እንዳያንቃት እፈራለሁ። አማቴ ግን "ማተብ የሚፈታ አረማዊ ነው" ይሉኛል።»

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ፍርሃትሽ ልክ ነው፤ አማትሽም ክፉ አይደሉም።

ማተብ ትልቅ ነገር ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ካህኑ አንገታቸው ላይ ያስራል። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ሥርዓቱን ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ አባት ከያዕቆብ ዘእልበረዲ ጋር ያያይዘዋል፤ በስደቱ ዘመን ከተማ ለከተማ እየዞረ ሃይማኖታቸውን ያልለወጡት እንዲለዩ ክር አንገታቸው ላይ አሰረላቸው ይባላል። በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከአንገት አልፎ አነጋገር ውስጥ ገብቷል። ብድር ስትሰጪ «ማተብ ያለው ሰው ነው» ይሉሻል፤ ቃሉን የበላውን «ማተቡን የበጠሰ» ይሉታል። አማትሽ የሚያዩት ይህን ሁሉ ነው። አንቺ የምታዪው ደግሞ የሦስት ወር ልጅና የማይበጠስ ክር ነው።

ካህኑ ይሰሩላት፣ በዕለቱ ትዋልበት። ስትተኛ ግን ፍቺላት፤ ራስጌዋ ላይ፣ እጇ የማይደርስበት ቦታ ስቀዪው። ጥምቀቷ አብሮ አይፈታም። አንገቷ ሲጠና፣ መናገር ስትጀምር መልሰሽ ታስሪላታለሽ። ለአማትሽ በእኔ ስም ሳይሆን በንስሐ አባታችሁ በኩል አስነግሪያቸው፤ ከሱቅ ነጋዴ ከመጣ አይቀበሉም፣ እውነታቸውንም ነው።

ቀለሙን ለጠየቃችሁኝ፦ ጥቁሩ ነው በብዛት የሚሄደው። ሦስት ቀለም ገምደው «በሥላሴ ስም» ብለው የሚያስሩም አሉ። ክሩ ሲያረጅ መቀየር ይቻላል፤ የላበ ክር ዕድሜ ልክ ይዞ መኖር ግዴታ አይደለም።

«ባጃጄ ላይ የጊዮርጊስን ሥዕል ለጥፌያለሁ። አንድ ሰው ነውር ነው አለኝ።»

ሥዕሉ ነውር አይደለም። አጠገቡ ምን ለጥፈሃል? የሰማዕቱን ሥዕል ከእግር ኳስ ተጫዋችና ከውስኪ ጠርሙስ መሃል ያየሁበት ባጃጅ አለ። ከኋላ፣ ጭቃ በሚረጭበት በኩል አትለጥፈው፤ ውስጥ፣ ከፊትህ ከፍ አድርገህ፣ መስታወቱን ሳይጋርድብህ አድርገው። ደግሞ ጊዮርጊስ አለልኝ ብለህ በተከለከለ መንገድ አትግባ። ትራፊኩም ጊዮርጊስን ይሳለማል።

«ከአያቴ ሳጥን ውስጥ ረጅም የብራና ጥቅል አገኘሁ። ዓይን ዓይን የሚመስል ሥዕል አለው፣ የአያቴ ክርስትና ስም በቀይ ተጽፎበታል። ልልበሰው? ላቃጥለው? አንድ ሰው በጥሩ ዋጋ እገዛሃለሁ ብሎኛል።»

ያገኘኸው ክታብ ነው። ርዝመቱን ከአያትህ ቁመት ጋር ማስተያየት ብትችል እኩል ሳይሆን አይቀርም፤ ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር የሚቆርጠው፣ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር እንዲጠብቅ። ውስጡን ብታነብ ለዓይነ ጥላ፣ ለቡዳ፣ ለሾተላይ የሚል ጸሎት ታገኛለህ። ለወላድ ሴት ከተጻፈ ደግሞ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋት የሚተርከው አይቀርም። ስንት ልጅ በሞተበት ዘመን የእናት ጭንቀት ነው ብራናው ላይ ያለው። እኔ ይህን ሳስብ መሳቅ አልችልም።

ቤተ ክርስቲያን ግን አትቀበለውም። ከእግዚአብሔርና ከቅዱሳን ስም ጎን ትርጉማቸው የማይታወቅ አስማት ተደርድረውበታል፤ ያዳነው ጸሎቱ ይሁን አስማቱ ሰውየው አይለይም። ሐሜት እንዳይሆንብኝ እንጂ ቀን ማኅሌት ቆመው ማታ ክታብ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ የተማረ ሰውም ብዙ ነው። ስለዚህ አትልበሰው።

አታቃጥለውም። አትሸጠውምም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው፤ «በጥሩ ዋጋ» የሚልህ ሰው ደግሞ ለአያትህ ሲል አይገዛህም። ከጀልባ ወደቡ አካባቢ ስንት ብራና ቅጠል በቅጠል ተገንጥሎ እንደ ፖስት ካርድ ለቱሪስት እንደተሸጠ የከተማው ሰው ያውቃል። ሙዚየም ላለው ገዳም አስረክብ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት አለው፤ ስታስረክብ በመዝገብ ይጻፍልህ፣ የአያትህ ስም ከነክርስትናው እዚያ ይቀመጣል።

«ለሆሣዕና ከመንገዱ ላይ ያለውን ዘንባባ ብንቆርጥስ? ከተማው ሞልቶታል።»

ተዉ እንጂ! የከተማው ጌጥ ነው፣ የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው። ደብሩ ያድላል።

ከዘንባባው ስለሚሠራው ቀለበትና መስቀል፦ ሠርታችሁ ራሳችሁ ላይ አስሩት፣ ጣታችሁ ላይ አድርጉት፤ ሲደርቅ አትጣሉት። እናቴ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር፤ መጽሐፉን ስትገልጥ ያለፉት ዓመታት ዘንባባ ጭኗ ላይ ይፈስ ነበር። የቀዳም ሥዑሩ ቄጤማም እንዲሁ ነው። ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሃደ» እያሉ የሚያድሉት የኖኅ ርግብ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል ስለሚያስታውስ ነው፤ ለምለም ቅዳሜ የሚባለውም ለዚሁ ነው። እስከ ሌሊቱ ራሳችን ላይ እናስረዋለን። ከዚያ በኋላ ለከብት ብትሰጡት ኃጢአት አይደለም፣ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ግን አይግባ።

«በሰሞነ ሕማማት ካህኑ መስቀል አላሳልመኝ አሉ። ምን በደልኩ?»

ምንም። በዚያ ሳምንት መስቀል መሳለም የለም፣ «ይፍቱኝ» ብትልም ፍትሐት የለም። ስግደት ነው። በስቅለት ምሽት በወይራ ቅጠል ጀርባህን ጠብጥበው የስግደቱን ቁጥር ይነግሩሃል፤ ያን ጊዜ ዓመት ሙሉ ያልሰገድከው ሁሉ ጉልበትህ ላይ ይታወቅሃል።

«ጥምቀት ላይ ውሃው ካልነካኝ በዓሉ አልሆነልኝም ማለት ነው?»

በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» እንላለን፤ አንዲት ናት፣ በሕፃንነትህ ተፈጽማለች። ጥር 11 የሚረጨው መታሰቢያና በረከት ነው፣ ዳግም ጥምቀት አይደለም። አንድ ጠብታ ለማግኘት አሮጊት ገፍተህ ካለፍክ ግን በረከቱን እዚያው ጥለኸው ሄደሃል። በሃይላንድ ክዳን ቀዳዳ አበጅታችሁ ልጃገረድ የምታሳድዱትም ታውቃላችሁ ራሳችሁን።

«ሴት ነኝ። ክብራን ገብርኤል ስእለት አለብኝ፣ መግባት ግን አልችልም።»

ክብራንና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው። ስእለትሽ ግን ይገባል። በወንድምሽ ወይም በባልሽ እጅ ላኪው፤ ክርስትና ስምሽን ጽፈሽ ስጪ፣ በጸሎት ያስቡሻል፣ ጠበልም ያመጡልሻል። አንቺ ራስሽ በጀልባ መሄድ ካማረሽ አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ የእናቶች ገዳም ነው፤ ዘጌም ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴት ይቀበላሉ። ስእለቱን ጃንጥላ ብለሽ ከሆነ ጃንጥላ አስገቢ፤ «በብር ልቀይረው» የሚለውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

«ባለቤቴ ቡና ባፈላች ቁጥር እጣን ታጨሳለች። ወንድሜ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ ቤቱን በጠበጠው።»

ለማን ነው የምታጨሰው? ለመዓዛ ከሆነ መዓዛ ነው። «ለቆሌው ነው፣ ካልጨሰ ይቆጣል» ብላ ከሆነ ወንድምህ ያለው ይገባታል። በጽና (በቤተ ክርስቲያን የእጣን ማጠኛ) ማጠን የካህኑ ሥራ ነው፤ የቡና ገል ጽና አይደለም፣ ይህን መለየት ይበቃል።

ወንድምህ ቡናውንም ከነቀፈ እንዲህ በለው። ድሮ ቡና ለክርስቲያን አይገባም የሚባልበት ዘመን ነበር፤ አባቶች ያወግዙት ነበር። ዘጌ ላይ ግን ገዳማቱ የቆሙት ቡና ጫካ ውስጥ ነው። በበሬ አይታረስም፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም የተገኘ ነው ብለው ይተርካሉ። እኔ የዘጌ ቡና ስጠጣ የአባቶችን ውዝግብ አብሬ የምጠጣ ይመስለኛል።

«አዲስ ተጋብተናል፣ የ21 ማርያም ማኅበር ገባን። ተራችን ደርሶ ድግስ የሚሆን የለንም።»

ዳቦና ጠላ ካላችሁ አላችሁ። «ጠበል ቅመሱ» ብለን የምንጠራው ለዚሁ ነው፤ ካህኑ የሚባርኩት ዳቦና ጽዋው ነው። ክትፎ የጀመረው የከተማ ፉክክር ነው። ቀድማችሁ ለማኅበሩ ሙሴ (ለሰብሳቢው) ንገሩት፣ ብቻችሁን አትጨነቁ።

«ሙስሊም ጎረቤቴ ከጠበሉ አምጪልኝ አለችኝ። ይሰጣል?»

ይሰጣል። እዚህ ጠበል ቦታ ያልተጠመቀ ሰው አይቶ ያባረረ ካህን አላጋጠመኝም። በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ ንገሪያት።

«ንጹሕ የሰም ጧፍ አለህ?»

ማር ማር የሚሸት፣ ስታጥፈው የማይሰበር፣ ሲነድ ጥቁር ጭስ የማያወጣ ከፈለግህ ሰሙን ከባለ ቀፎ ገዝተህ፣ የጥጥ ፈትል አስገምደህ ማሠራት ነው። እኔ ጋ ዘንድሮ ያለው የተደባለቀ ነው። ዋጋውም እንደ ድብልቅ ነው።